ከነፋስ መውጫ እስከ ሰባራ ድልድይ

ኅዳር ነው። ከደብረ ታቦር የተነሣው ሚኒባስ ጉናን ታኮ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፤ ጥላ ያረፈበት ሣር ላይ ያደረው ውርጭ እስከ ረፋድ አልለቀቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ ከማሳው አይነቀልም ነበር። አሁን የማየው ጣሪያ ጣሪያውን ነው።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። በዓል ሊያከብሩ የመጡ ምእመናን ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት ቤት ስገባ ቀና ብዬ ሳላይ መቀመጥ ትቻለሁ። ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የመጣሁትም ይኸው ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። አገሬው በገንዘቡና በጉልበቱ ያቆማቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ድልድይ፣ ከተሠሩ በኋላ ደኅንነታቸውን የሚያይላቸው ማን ነው?

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ዳር ዳሩን ካሉት ቤቶች ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ያልተጫነበት ጥቂት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ክፍል ከፍተው አስገቡኝ። «ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ፈጠን ብለን እንየው» አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የጥጉን ቆርቆሮ በመዳፌ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው ከነሚስማሩ ተነሥቶ ተመለሰ። የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ተሰባብሯል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ዙሪያውን ዝጎታል። ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ እርጥቡን ተመትቶ ኋላ ሲደርቅ ሚስማሩ በገባበት መስመር ተሰንጥቋል።

ነፋስ ጣሪያን የሚያጠቃው ወደ ላይ በማንሣት ነው። በመስኮት የገባው ከሥር ይገፋል፣ ከላይ የሚያልፈው ይስባል፤ ጉልበቱ የሚበረታውም በጥጉና በጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ብዙም አይረዳም፤ ጣሪያው የተነሣ ቀን እንዲያውም ልጆች ላይ የሚወርደው እሱ ነው። የሚረዳው ጥግ ጥጉን ጥቅጥቅ አድርጎ መምታት፣ ወራጁንም ከግድግዳው ጋር በሽቦ ማሰር ነው። ርእሰ መምህሩ ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት ያውቁታል። የቸገራቸው መሰላልና መሰላሉ ላይ የሚወጣ ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ታች ጋይንት ወረድሁ። ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ ቄሰ ገበዙና አንድ ሽማግሌ አናጺ ጠበቁኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ድሮ ሣር ክዳን ነበረ፤ ቆርቆሮ ከለበሰ ዘመን አልፎታል።

አናጺው ጥልቆ ይዘው ከምሰሶ ምሰሶ እየዞሩ በጀርባው መታ መታ ያደርጋሉ። ደኅናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። አንዱ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ደፈን አለ። ጎንበስ ብለው ምሰሶው ከመሬት የሚገባበትን ቦታ በቢላዋ ወጋ አደረጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር የአንድ አንጓ ያህል ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ እርጥብ፣ ቡናማ ብናኝ ተለጥፏል።

«ጽዶቹ ደኅና ናቸው ልጄ። ይኸኛው ግን ኋላ የገባ ባሕር ዛፍ ነው፤ የምፈራው ይኸን ነው» አሉኝ።

«ላዩንስ አባቴ? ወራጆቹን አይተዋቸዋል?»

ቄሰ ገበዙ ናቸው የመለሱልኝ። «ቆርቆሮው ከተመታ ወዲህ ማን ወጥቶ! ኮርኒሱም አለ።»

ይህን መልስ ደጋግሜ አሰብሁበት። ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። አገሬው ሣሩን አጭዶ በደቦ ሲመጣ አሮጌው ክዳን ይወርዳል፣ ወራጁና ማገሩ ለፀሐይ ይወጣል፣ አናጺዎቹ እየረገጡ ያዩታል፣ የነቀዘው ይለወጣል፤ ከዚያ ነው አዲሱ ሣር የሚለብሰው። ማንም «ምርመራ» ብሎ ስም አላወጣለትም እንጂ ነገሩ ምርመራ ነበር፤ ቀኑም ሠራተኛውም የታወቀ። ቆርቆሮ መጣና ይህን ድካም አስቀረ። ዝናቡን ያስቆማል፣ ለእሳት አይመችም፣ ረጅም ዓመት ያገለግላል፤ ማንም ወደ ሣሩ ተመለሱ ሊላቸው አይችልም። ግን ከድካሙ ጋር ጣሪያውን በየጊዜው የሚያይ ዓይን አብሮ ቀረ። ኮርኒስ ሲጨመርበት ደግሞ በሚስማሩ ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ውሃ የት እንዳረፈ የሚታወቀው ጨርቁ ሲበልዝ ነው፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ክረምት ከክረምት ሲጠጣ ኖሯል።

ቶማስ ፓከናም የተባለው ጸሐፊ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋይንት መጥቶ የቤተልሔምን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ከውጭ የታየው ሣር የለበሰ ክብ ቤት ነበር። ውስጥ ሲገባ ግን በመካከለኛው ዘመን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ያን ጥንታዊ ሕንጻ ከዝናብ የከለለው የላይኛው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን ደግሞ ያቆየው በየዘመኑ እየወጣ ያደሰው የአገሩ ሰው። ለድጓ ተማሪ ቤተልሔም በዜማው የታወቀ ደብር ነው። እኔ ግን ያን ቤት ስለጠበቁት ክዳን ሠሪዎችም ቢነገር ደስ ይለኛል።

ለቄሰ ገበዙ የጀርመኑን ታሪክ ነገርኋቸው። ባድ ራይኸንሃል በምትባል ከተማ ሕዝቡ በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበት አዳራሽ ነበረ፤ ጣሪያውን የተሸከሙት በሙጫ የተጣበቁ የእንጨት ተሸካሚዎች ነበሩ። ጥር 2 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጣሪያው ላይ በረዶ እንደተከመረ ተደርምሶ 15 ሰዎች ገደለ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ሙጫው እርጥበት የማይችል ዓይነት ነበረ፤ የአዳራሹ እርጥበት ደግሞ ለዓመታት እየላሰው ኖሯል። ከአደጋው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተጻፈ ሪፖርት ጣሪያው በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለ ገልጾ ነበር። ተሸካሚዎቹ ግን ሁሉም አንድ በአንድ፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት አልታዩም። በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ሕንጻዎች በየስንት ጊዜው፣ በማንና እንዴት መታየት እንዳለባቸው የሚደነግግ መመሪያ አወጣ።

አናጺው በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው «እጅ ያልነካውን እንጨት ምን ብሎ ደኅና ነው ይባላል?» አሉ። ከዚያው አንድ ነገር ተስማማን፤ ለበዓል ሕዝብ ከመምጣቱ በፊት ከዳር ሁለት ቆርቆሮ አንሥተው ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ፣ እንዲሁም ጉልላቱ ሥር ያለውን እንጨት ሊያዩ። ውሃ የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው።

ስማዳ ላይ ከወገዳ በእግር ወርጄ በአንድ ወንዝ ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ ድልድይ አየሁ። ገበያ ቀን ስለነበር ሰውም አህያም ይሻገራል። የዚህ ዓይነት ድልድይ ችግሩ መሐል ላይ ብዙም አይደለም፤ የተሰበረ ጣውላ ማንም ያየዋል። የሚያሰጋው ገመዱ ከኮንክሪቱ የሚገባበት ጫፍ ነው። ገመድ ጭነት ሲይዝ ስለሚወጠርና ስለሚቀጥን ጫፉን የያዘው የብረት ማሰሪያ (ክላምፕ) ቀስ በቀስ ይላላል፤ በየዓመቱ መጥበቅ አለበት። ጎርፍ ያመጣው አፈር ተከምሮበት እርጥብ ሆኖ ከከረመም ገመዱ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። እዚያም አፈሩ እስከ ክላምፑ ደርሷል። አብረውኝ ከነበሩት ወጣቶች ጋር በእጃችን ጠርገን አወጣነው። መፍቻው የት እንዳለ ስጠይቅ አንዱ «የድልድዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ነበረ» አለኝ። ሰብሳቢው አገር ለቀዋል።

እስቴ መካነ ኢየሱስ አድሬ በአንዳቤት በኩል ወደ ዓባይ ወረድሁ። ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ጎንደርን ከጎጃም ያገናኘ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላትን ለመግታት አንዱን ቅስት እንደሰበሩት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ማዶና ማዶ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱት ነው ክፍተቱን የተሻገረው። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱ በብረት ተደፈነ። በ2005 እ.ኤ.አ. የክረምት ሙላት ጥገናውን ወሰደው። ኋላ የተሠራው የተንጠለጠለ ድልድይ ነው።

የድንጋዩን እግር እያየሁ ረጅም ጊዜ ቆምሁ። ዓባይ የድልድይን መሠረት የሚሸረሽረው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የሸረሸረውን ማየት የሚቻለው ግን ውሃው ወርዶ ሲጠራ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ድልድይ የሚያይ ሰው ከገበሬው ቀን መቁጠሪያ ጋር መሄድ አለበት፤ ከበጀት ዓመቱ ጋር ብቻ የሚሄድ መሐንዲስ ሰኔ ላይ መጥቶ ድፍርስ ውሃ አይቶ ይመለሳል።

ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ቄሰ ገበዙ ደወሉልኝ። ቆርቆሮው ተነሥቷል። ከታዩት ወራጆች አምስቱ ጫፋቸው በስብሷል፤ ጉልላቱ ሥር ያለው እንጨት ግን ደኅና ነው። አሁን ክርክራቸው ሌላ ነው፤ ምትክ የሚሆነው ጽድ ያለው በራሱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ያን ዛፍ ለመቁረጥ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ገና አልተስማማም። እስኪስማማ በሰሜን በኩል ያለውን በር ዘግተውታል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሕዝቡ ከውጭ ዳስ ተጥሎለት ያስቀድሳል፤ የዳሱንም እንጨት አንድ በአንድ እየመቱ የሚያዩት አናጺው ናቸው።