ዓሣው እሳት ሳይነካው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ ማስገር መጀመርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛ የየጥኖራ ሰዎች የጤፍና የበሬ ሰዎች ነን፤ ዓሣ ብርቃችን ነው። ብርቅ የሆነ ምግብ ደግሞ ሰውን ያታልላል።

ጥሬውን ትበላላችሁ አሉ። ሎሚው ይጨመቅበታል፣ ሚጥሚጣው ይነሰነስበታል፣ አረቄው ይከተላል፤ «ትሉን ይገድለዋል» ይባላል። አይገድለውም! በጣና ቀረሶ ውስጥ፣ ልቡ አካባቢ ሳይቀር፣ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ትል አለ። ዓሣ በሊታ ወፎች እንቁላሉን በኩሳቸው ውሃው ላይ ይጥሉታል፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ ዓሣው ሆድ ይገባል። ጥሬውን የበላ ሰው ትሉን ከነነፍሱ ይውጠዋል። ፈረንጆቹ ጥሬ ዓሣ ሲበሉ አስቀድመው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ያቆዩታል። መብራት በሚሄድበት ቤት ይህን ማን ያምናል? እሳቱ ይሻልሻል። ሥጋው ከእሾሁ በቀላሉ እስኪላቀቅ ጥበሺው፤ ጥሬው ያረፈበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳታጥቢ ሰላጣ አትክተፊበት። ዓሣውን እንደያዛችሁ ሆድ ዕቃውን አውጡለት፤ ፀሐይ ላይ አይዋል።

ስትገዢ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ ይሁን። በተለይ በነሐሴና በመስከረም ተጠንቀቂ። ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚበትኑ አሉ። በፍሬው ያለው መርዝ ዓሣውን ትንፋሽ አሳጥቶ ያንሳፍፈዋል፤ እናቲቱም ጫጩቱም አብረው ያልቃሉ። ይህን የሚከለክለው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ ብርብራው ግን ዛሬም ይወቀጣል። ተንሳፎ የተገኘ ዓሣ በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበዪ።

ውሃው እንደ ቀለም አረንጓዴ በሆነበት ጥግ መንጠቆ አትጣዪ፤ የዚያን ውሃ መርዝ እሳትም አያጠፋውም። በባዶ እግርሽም ውሃው ውስጥ አትቁሚ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ድንጋይ ላይ ወይም ታንኳ ላይ ሆነሽ አስግሪ።

እስካሁን በበላሽው ምክንያት ሆድሽን ከቆረጠሽ ወይም ካስመለሰሽ፣ ኮሶ ፍለጋ ሳትዞሪ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ጥሬ ዓሣ መብላትሽንም ሳታፍሪ ለሐኪሙ ንገሪው።

አባትሽ