የፓካርድ የመጨረሻዋ ባለሸራ

ዲትሮይት ስትነሳ ፎርድና ካዲላክ ይታወሳሉ፤ ሁለቱም ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። ፓካርድን የሚያነሳ ግን እያነሰ መጥቷል። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ስሙ ከተነሳ ግን ጨዋታው ይደራል፤ ወሬው ወደ ካሪቢያን ከዞረማ ማቆሚያ የለውም። ካሪቢያን ሸራ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቅንጦትንና ጉልበትን አንድ ላይ የያዘች የፓካርድ መኪና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1956 ከፋብሪካ የወጡት ባለሸራ ካሪቢያኖች 276 ብቻ ናቸው።

ፓካርድ በ1899 ኦሃዮ ውስጥ ዋረን በምትባል ከተማ ተጀምሮ በ1903 ወደ ዲትሮይት ተሻገረ። አልበርት ካን በነደፈለት ሰፊ ፋብሪካ ለመሪዎችና ለባለጠጎች መኪና ሲሠራ ኖረ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በፓካርድ ሄደዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርሊን የተባለውን የሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር አሜሪካ ውስጥ ያመረተው ይኸው ድርጅት ነው። ማስታወቂያው ራሱን ብዙ አያሞግስም ነበር፤ ፓካርድ ያለውን ሰው ጠይቁ ብሎ ያልፋል። ይህን ያህል ይተማመን ነበር።

ካሪቢያን በ1953 ተወለደች፤ ሙሉ ክብሯን ያገኘችው ግን በ1956 ነው። ኮፋኖዋ ሲከፈት 6.1 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይታያል፤ ሁለት ካርቡሬተሮች ነዳጅ ያቀብሉታል፤ ጉልበቱ 310 የፈረስ ጉልበት ነበር። ገላዋ በሦስት ቀለም ይዋባል። የመቀመጫዋ ትራስ እየተነሳ ይገለበጣል፤ አንዱ ፊት ቆዳ፣ ሌላው ጥለት ያለው ጨርቅ ነው። ባለቤቷ እንደ አየሩና እንደ ልብሱ ይመርጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከሥር ያለው ነው። እንደ ሌሎቹ በሞላና በባሌስትራ አትቆምም፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጉ፣ እየተጠመዘዙ የሚሠሩ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ይሸከሟታል። የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ኃይሉ ወደ ኋላም ይሄድና ተሳፋሪው ሳይናጥ ያልፋል። ሰዎች ከኋላ ሲገቡ ዝቅ ትላለች፤ ለሰባት ሰከንድ ያህል ዝም ትላለች። ከዚያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይነሳና፣ ጭነት እንደያዘች ግመል፣ ቀስ ብላ ቀና ትላለች። ያ መዘግየት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ባይኖር ኖሮ በየጉድጓዱ ከፍ ዝቅ ትል ነበር።

ድርጅቱ ግን እንደ መኪናው ቀና ማለት አልቻለም። ገላ የሚሠራለት ብሪግስ በ1953 ለክራይስለር ስለተሸጠ ፓካርድ የራሱን ገላ በጥድፊያ፣ በጠባብ ፋብሪካ መሥራት ግድ ሆነበት፤ ጥራቱም ተጎዳ። በ1954 የገዛው ሌላው መኪና ሠሪ ስቱድቤከር ደግሞ ኪሳራውን ይዞ መጣ። ማርሽ በአዝራር የሚቀየርበት አዲስ ዘዴ ደንበኛን ያስመርር ጀመር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ሲናፈስ ገዢው ሸሸ። ጁን 25 ቀን 1956 የመጨረሻው የዲትሮይት ፓካርድ ከፋብሪካ ወጣ።

ስሙ ወዲያው አልሞተም። ለሁለት ዓመት ያህል ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ በተሠሩ የስቱድቤከር መኪኖች ላይ እየተለጠፈ ቆየ። የፓካርድ ወዳጆች ግን ያንን ከቁጥር አያስገቡትም። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ከሥራው ጥራት ነው፤ ካሪቢያንን የሠሩት መሐንዲሶች ግን ካዝናው እየተራቆተ ሌላው ያልደፈረውን ሞከሩ። አንዳንዱ ተበላሸባቸው፣ አንዳንዱ ዛሬም ያስደንቃል። ስለዚህ ወዳጆቹ የፓካርድን ፍጻሜ ሲቆጥሩ 1958ን ሳይሆን 1956ን ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።