ምስክር የሌለው ገንዘብ

ደብዳቤ የላኪውና የተቀባዩ ስም ይጻፍበታል። ከመንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ ያገኘው ሰው የማን እንደ ሆነ አንብቦ ለባለቤቱ ሊመልሰው ይችላል። የወረቀት ብር ግን የማንም ስም የለበትም፤ በእጁ የያዘው ሰው ሁሉ ባለቤቱ ይመስላል። ባለ ስሙና ስም የለሹ በአንድ ኤንቨሎፕ ታሽገው ሲጓዙ የሚያስከትሉትን ጉዳት፣ በራሳችን ከደረሰው ነገር ተነሥተን፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናመለክት አሰብን።

በ1974 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በትምህርት ላይ ነበርን። እናታችን በገጠር ትኖር ነበር። ፊደል ስላልቆጠረች ደብዳቤዋን የሚጽፍላት አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር። እርሷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትናገራለች፤ እርሱ ይጽፋል፤ አንብቦም ያሰማታል፤ በመጨረሻም አሽጎ ለገበያተኛ ይሰጥላታል። ገበያተኛው በወረዳው ከተማ ከሚገኘው ፖስታ ቤት ያደርሰዋል፤ ከዚያ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከትምህርት ቤታችን የፖስታ ሣጥን ወጥቶ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እንግዲህ አንድ ደብዳቤ ከእናታችን እጅ ወጥቶ ከእጃችን እስኪገባ ድረስ ስንት ሰው እንደሚነካው አንባቢ ይቍጠረው።

አንድ ቀን አብሮን ይኖር የነበረ ጓደኛችን ደብዳቤ ይዞልን መጣ። ከረጅሙ ሰላምታ ቀጥሎ ለጫማ መግዣ የሚሆን አሥር ብር ከወረቀቱ መካከል መደረጉን ይገልጣል። ወረቀቱን ብንዘረጋ፣ ኤንቨሎፑን ብናራግፍ፣ ስፌት የምትሰፋው ሴት የታተመችበት ቀዩ አሥር ብር የለም። እናታችን ያን ብር ያገኘችው ዶሮና ዕንቍላል ሸጣ መሆኑን እናውቅ ነበርና ጠፋ ብለን ልናሳዝናት አልፈለግንም። ደርሶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን ብለን ጻፍን። ይህ ሐሰት ያን ጊዜ ርኅራኄ መስሎን ነበር።

እርሷም መንገዱ የታመነ መስሏት ከሁለት ወር በኋላ እንደ ገና ላከች። በዚያን ጊዜ ጓደኛችን ታሞ ስለ ነበር ደብዳቤውን ከጽሕፈት ቤቱ የወሰድነው ራሳችን ነን፤ አሥሩ ብርም እንደ ታጠፈ ከውስጡ ተገኘ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ያመጣልን ግን ያው ጓደኛችን ነበር፤ ብሩም አልነበረም። ከዚህ በኋላ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገን አልመሰለንም። ‹‹ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር›› የሚለውን ተረት ለራሳችን እየደገምን ሣጥናችንን መቈለፍ ጀመርን፤ ደብዳቤ እንዲያመጣልን መላኩንም ተውን። አንድም ክፉ ቃል አልተናገርነውም። እርሱ ግን ቍልፉን አየ፤ ነገሩም ገባው። ብዙ ሳይቈይ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ፤ እስከ ትምህርታችን ፍጻሜ ድረስም ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር የተነጋገርነው አልነበረም።

ክረምት ገብቶ ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ የእናታችን ዐይን ከአሮጌው ጫማችን ላይ ዐረፈ። የላከችው ብር ምን እንደ ሆነ ጠየቀችን፤ እኛም እውነቱን ተናገርን። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና፣ መካከለኛውን ደብዳቤ የጻፈላት የጎረቤቱ ልጅ እንዳልነበረ፣ እርሱ ወደ አክስቱ ዘንድ ሄዶ ስለ ነበር የደብሩ መሪጌታ ጽፈው እንዳሸጉላት ነገረችን።

ይህን በሰማን ጊዜ ደነገጥን። በጓደኛችን ላይ የፈረድንበት ማስረጃ፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት፣ በጎረቤቱ ልጅ ላይም የሚያስፈርድ ሆነ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ስንት እጅ አለ! የወሰደው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሌባው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠረጠረው ግን ደብዳቤውን የነካ ሰው ሁሉ ነው። ገንዘብን በኤንቨሎፕ መላክ ያለበት ትልቁ አደጋ የገንዘቡ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ያለ ምስክር መጥፋቱ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ችግሩ የአገራችን ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት፣ የባንክ ኖት በደብዳቤ የሚልኩ ሰዎች ኖቱን ከሁለት ቈርጠው አንዱን ግማሽ አስቀድመው፣ ሁለተኛውን ግን የፊተኛው መድረሱ ከታወቀ በኋላ እንዲልኩ ይመክር ነበር። ግማሹ ብቻውን ለሌባ አይጠቅመውምና። በእኛም አገር ብሩን በካርቦን ወረቀት ጠቅልለው ከብርሃን የሚሸሽጉ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ጥቅሉ ራሱ ገንዘብ መኖሩን ያሳብቃል። የጥንቱ መልእክተኛ ደብዳቤውን ከተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ለሁሉ እያሳየ ይጓዝ ነበር። መታየቱ ጠባቂው ነበር፤ እኛ ግን ጥበቃን ከመሸሸግ ፈለግነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ በአገራችን ተመሠረተ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የዚህ ኅብረት ስምምነት ዋጋው ተነግሮ ኢንሹራንስ ባልተገባለት ደብዳቤ ውስጥ ገንዘብ ማስገባትን በመሠረቱ ይከለክላል። ለገንዘብ የተሠራው መንገድ ሐዋላ ነው። ላኪው ገንዘቡን ከመስኮቱ ይከፍላል፤ ልኩ፣ የላኪውና የተቀባዩ ስም ይጻፋል፤ ላኪው ደረሰኝ ይይዛል። የሚጓዘው የክፍያ ትእዛዝ እንጂ ብሩ አይደለም። ተቀባዩም ማንነቱን አስረድቶና ፈርሞ ይወስዳል። ወረቀቱ ቢጠፋ ገንዘቡ አይጠፋም፤ ጥያቄ ቢነሣም መዝገቡ ይመሰክራል እንጂ ሰው በግምት አይፈረድበትም።

አንዳንድ ሰው ለአገልግሎቱ የሚከፈለው ዋጋ ይከብደዋል። ለእርሱ ‹‹ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› የሚለው ተረት በቂ መልስ ነው። እናታችን በሚቀጥለው ዓመት ከወረዳው ከተማ ድረስ በእግሯ ሄዳ በሐዋላ ላከች፤ ደረሰኙንም ማንበብ ባትችል በመቀነቷ ቋጥራ ብሩ መድረሱን እስክትሰማ ድረስ አልፈታችውም።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ በእጅ ስልክ ይላካል፤ ደረሰኙም በመልእክት ይመጣል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ባለ ሁለት መቶ ብሩ ኖት ስለ ወጣ፣ በአንድ ቅጠል ወረቀት የሚጠፋው ገንዘብ በዝቷል። በኤንቨሎፕ ከትቶ በሹፌር ወይም በመንገደኛ እጅ የሚልክ፣ ከውጭ አገርም በእንኳን አደረሰህ ካርድ መካከል ዶላር የሚያስቀምጥ ዘመድ ዛሬም አይታጣም። መልእክተኛውን የሚያምነው ሰው ሊያስብለት የሚገባው ይህን ነው፤ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ማስያዝ ማመን ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ በተበላሸ ቀን ንጹሕነቱን የሚያስረዳበትን መንገድ መንሣት ነው።

ያን ጓደኛችንን ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝተን ይቅርታ ጠየቅነው። ከቍልፉ ይልቅ ያሳዘነው አለመጠየቃችን እንደ ነበር ነገረን። እውነቱን ነው። ብሩ ሲጠፋ ለእናታችን ደረሰ ብለን ዋሸን፤ ለጓደኛችን ደግሞ ዝም አልን፤ በኤንቨሎፑ ውስጥ ያልነበረውን ምስክር እኛም በአፋችን ከለከልን። አባቶቻችን ‹‹አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ›› ይላሉ። አደራን የሚያጠብቀው የተቀባዩ ቅንነት ብቻ አይደለምና፣ ላኪም ደረሰኙን ይያዝ፤ ያልደረሰውም ሰው አልደረሰኝም ለማለት አይፈር።