ክንፍ ያላት ወይስ ክንፍ የሌላት?

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ምንዛሪም አልጽፍም፤ ስለ መኪና ነው። “ሰውዬው ጠገበ” ልትሉ ያሰባችሁ ከዚሁ ብትሰናበቱ አልቀየምም። የምትቆዩት ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖርሽ 911 ልገዛ ነው። መግዛቴ ተወስኗል፣ ባለቤቴም ተስማምታለች (እንዴት እንደተስማማች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል)። ያልተወሰነው የትኛዋን የሚለው ነው። በአንድ በኩል ጂቲ3 ቱሪንግ አለች። በሌላ በኩል የእሷ ታላቅ፣ ጂቲ3 አርኤስ። ሁለቱም ባለ 4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው ያላቸው። ሁለቱም በደቂቃ 9,000 ዙር ድረስ ይጮኻሉ። መኪና ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ ክንፉ ብቻ ነው። ቱሪንጓ የቆመ ክንፍ የላትም፤ ከሩቅ ስትታይ ተራ 911 ነው የምትመስለው። አርኤስ ከኋላዋ የተሸከመችው ክንፍ ግን ከጣሪያዋ በላይ ይወጣል።

“አቅሙ ካለህ ትልቋን ውሰድ፣ ምን ያጨቃጭቃል?” ይሉኛል ጓደኞቼ። የሚያጨቃጭቅ ነገር አለው። ሦስት ወር ሙሉ ስመዝን የከረምኩት በከንቱ አይደለም።

እኔ መኪና ያወቅሁት በመጽሔት አይደለም። ዲሲ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከመሬት በታች ባሉት ጋራዦች ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም ጉልምስናውን የጨረሰ ሀበሻ ብዙ ነው። እኔም 11 ዓመት እዚያ ነበርኩ። ፌራሪም ላምቦርጊኒም ነድቻለሁ፤ ግን ሁሉንም ሃምሳ ሜትር ብቻ፣ ከበሩ እስከ ማቆሚያው። ያም ቢሆን ከመኪናው ይልቅ ስለ ባለቤቱ ብዙ ያስተምራል። የወንበሩ አቀማመጥ፣ የመሪው ጨርቅ፣ የጎማው ጠርዝ፣ ወለሉ ላይ የወደቀው ደረሰኝ፣ ሁሉም ይናገራል።

እዚያ ካየሁት ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ። በጣም ውድ የሆኑት፣ “ልዩ እትም” የሚባሉት መኪኖች ሦስተኛው ምድር ቤት ውስጥ ሸራ ለብሰው፣ ባትሪያቸው በሽቦ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ይከርሙ ነበር። ባለቤቶቹ በወር አንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ ሸራውን ያነሳሉ፣ ያስነሱታል፣ አሥር ደቂቃ ያዳምጡታል፣ መልሰው ያለብሱታል። መውጫው ዳገት ላይ አፍንጫው እንዳይፋቅባቸው ይፈራሉ። በሌላ በኩል አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ፤ አሮጌ፣ ተራ 911 ይዘው በዝናቡም በበረዶውም በየማለዳው ይመጣሉ። የማርሹ እጀታ ከመነካት ብዛት ጽሑፉ ጠፍቷል። ወንበሩ ላይ የቡና እድፍ አለ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር በሸራዎቹ ባለቤቶች ፊት ላይ አይቼው አላውቅም።

እስቲ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እዚህ አሜሪካ ጂቲ3 ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 161,100 ዶላር ነበር። ቱሪንጓም በዚያው ዋጋ ነው የመጣችው። አርኤስ በ2023 ሞዴል ስትመጣ 223,800 ዶላር። ይህ እንግዲህ ፋብሪካው የሚለው ዋጋ ነው። ሻጩ ከላዩ የሚጨምረው ሌላ ነው፤ አንዱ ጋ ሄጄ ለአርኤስ የጠየቁኝን ጭማሪ ብነግራችሁ በእሱ ብቻ ጥሩ ቶዮታ ይገዛል። ጭማሪውን ትተን ብናሰላው እንኳ ልዩነቱ ከ62 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በዚህ ልዩነት የሚገኘው የፈረስ ጉልበት ስንት ነው? አንደኛዋ 502፣ ሌላዋ 518። አሥራ ስድስት ፈረስ!

እዚህ ላይ አርኤስን እንዳልበድላት። ገንዘቡ የፈረስ ብቻ አይደለም። በሮቿ፣ ኮፈኖዋ፣ ጣሪያዋ ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። መሪዋ ላይ አራት መዘውሮች አሉ፤ እየነዳህ የአሞርዛተሩን ጥንካሬ ታስተካክላለህ። ክንፏ እንደ ፎርሙላ 1 መኪና በቁልፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከፊት ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ አንድ ትልቅ ራዲያተር ሞልቶታል። ይህ ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ አየሩ መኪናዋን ወደ መሬት እንዲጫናት። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ስትሄድ አየሩ 409 ኪሎ ይጫናታል፣ በ285 ደግሞ 860 ኪሎ። ጎማው አስፋልቱን የሚነክሰው ከዚህ የተነሳ ነው። ጀርመን ያለውን የኑርበርግሪንግ 20.8 ኪሎ ሜትር ዙር ጂቲ3 በ6 ደቂቃ ከ59.9 ሰከንድ ስትጨርስ፣ አርኤስ በ6 ደቂቃ ከ49.3 ሰከንድ ጨርሳለች። በ16 ፈረስ ብልጫ አሥር ሰከንድ አይገኝም። አየሩ ነው።

ግን ያ አየር ነፃ አይደለም። ክንፉ ስለሚጎትታት አርኤስ በቀጥታ መንገድ የመጨረሻ ፍጥነቷ 296 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ጂቲ3 ግን 320 ትጠጋለች። ያን ሁሉ ካርቦን ለብሳም 1,450 ኪሎ ትመዝናለች። በእጅ ማርሽ የሚነዳው ጂቲ3 1,418 ኪሎ ነው። ታላቋ ከታናሿ ትከብዳለች ማለት ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በቅጣት ወረቀት ብቻ አይለቀቅም፤ “ሬክለስ ድራይቪንግ” ተብሎ በወንጀል ይከሰሳል። እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይል ሲቆጠር 124 ነው። እንግዲህ ያን 409 ኪሎ አየር የማገኘው ፖሊስ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ ሲመጣ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ሊሞ ነው። መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው፤ የመድን ዋጋዬም፣ የሠራተኞቼም ደመወዝ እሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

“ትራክ ውሰዳታ!” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አርኤስ የተሠራችው ለዚያ ነው። ቅርባችን ያለው ሰሚት ፖይንት ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሁለት ማይል ርዝመት፣ አሥር ኩርባ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ካሌንደሬን ከፍቼ ቆጠርኩ። ትራክ የሚከፈተው በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። ቅዳሜ ለሊሞ ሠርግ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለቅሶ ወይም ክርስትና አይጠፋም። ከክረምቱ ውጭ ያለውን ስቆጥር በዓመት ሦስት ቀን ቢተርፈኝ ነው፤ እሱም ልጄ እግር ኳስ ከሌላት። ተራው የመኪና መድን ደግሞ ትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለቀኑ ሌላ መድን ይገዛል። በዓመት ለሦስት ቀን ይህን ሁሉ? የቀሩት 362 ቀናትስ? በአይ-66 መጨናነቅ ውስጥ ክንፍ ተሸክሞ መቆም ነው።

ግብሩን ያልሰማችሁም ስሙ። ፌርፋክስ ካውንቲ መኪና ስላለህ ብቻ በየዓመቱ ያስከፍልሃል፤ ከተገመተው ዋጋ በ100 ዶላር ከ4 ዶላር አያንስም። ሩብ ሚሊዮን የሚገመት መኪና ሸራ ለብሶም ቢቆም በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይበላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚመጣው ክርክር “ዋጋው አይወድቅም፣ ኢንቨስትመንት ነው” የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ አርኤስ ሁለተኛ እጅ ሆና ከአዲስ ዋጋዋ በላይ ስትሸጥ አይቻለሁ። ግን ይህ ክርክር ሲበዛ ያስፈራኛል። መኪና ኢንቨስትመንት የሆነ ዕለት እያንዳንዱ ማይል ኪሳራ ይሆናል። ያኔ ነው ሸራው የሚመጣው። ገንዘብ ማስቀመጥ ከፈለግሁ ሸራ የማይፈልግ ብዙ ነገር አለ።

እስካሁን ያለው ለቱሪንጓ የሚያደላ ይመስላል። ግን አንድ ነገር አለ፤ ሦስት ወር ያስከረመኝም እሱ ነው። ጉልበቴ። የፈረስ አይደለም፣ የራሴ። የግራ ጉልበቴ በ11 ዓመት የኮንክሪት ላይ ቁመት ተበልቷል። ሐኪሜ ደረጃ ስወርድ እንኳ እንድጠነቀቅ ነግሮኛል። አርኤስ ፍሪሲዮን የላትም፤ የምትመጣው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ነው። ቱሪንጓ በሁለቱም ትመጣለች፤ እኔ የምፈልገው ግን ባለ እጅ ማርሿን ነው። ማለትም ግራ እግሬን የምታሠራውን።

ለምን? አባቴ የኤንትሬ ሾፌር ነበር። የአሰብ መንገድ። ከእሱ ጋር ጋቢና ውስጥ የሄድኩባቸው ሁለት የክረምት ዕረፍቶች ነበሩ። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንስ እጁን አይቼ ሳይሆን ሞተሩን ሰምቼ ነበር የማውቀው። “አሁን” ይለኛል ሳያየኝ። እኔም እጄን በእጁ ላይ አድርጌ እስባለሁ። መንዳት የሚባለውን ነገር ያወቅሁት በዚያ ነው። በአውቶማቲክ የሚቀየረው ማርሽ ከእኔ እንደሚፈጥን አውቃለሁ፤ በመቶኛ ሰከንድ ተከራክሬ አላሸንፈውም። ፍጥነት ግን አልጎደለኝም።

ለእማዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው “ስንት ሰው ትጭናለች?” ነበር።

“ሁለት፣ እማዬ።”

“ለሁለት ሰው ነው ይሄ ሁሉ?” ዝም አልኩ። “አባትህ እንኳ ከአሰብ ያን ሁሉ ኩንታል ጭኖ ሲመጣ ‘ዛሬ መኪናው ጨዋ ሆነልኝ’ ብሎ ነበር የሚደሰተው። ያንተዋስ ምን ትጭናለች?”

መልስ አልነበረኝም። “ሀገር ቤት አምጣት፣ እንያት” ስትል ግን ለጉዳዩ ትንሽ ሳቅ አገኘሁለት፦ ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

“ይህን ገንዘብ ለሀገር ቤት ብታውለውስ?” የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ኮሜንቱ ክፍት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዘመድ የምልከውን እዚህ አልዘረዝርም፣ የሚላክለት ሰው ያፍርብኛል። ይህን ብቻ ልበል፦ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ለራሴ የገዛሁት የመጀመሪያ ነገር ነው። ቤቱ የልጆቹ ነው፣ ሊሞዎቹ የባንኩ ናቸው። ይህችኛዋን ሳስነሳት ማንም አያስፈልገውም፣ እኔም ለማንም ብዬ አላስነሳትም። በዚህ የምትቀየሙኝ ካላችሁ ልክ ላትሆኑ ትችላላችሁ አልልም።

ጉልበቱን በተመለከተ ባለፈው ሳምንት ለመፈተን ወሰንኩ። የጓደኛዬን ባለ እጅ ማርሽ መኪና ተዋስኩና ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ኮኔቲከት ጎዳናን ከላይ እስከ ታች ነዳሁት፤ መብራት፣ ማቆም፣ መነሳት፣ እንደገና ማቆም። አንድ ሰዓት ከሩብ። ማታ በረዶ አደረግሁበት። ጠዋት ደረጃውን ወረድኩ፤ አመመኝ፣ ግን የማውቀው ሕመም ነው። ሐኪሜን ጠየቅሁት። “ለአሥር ዓመት ቃል አልገባልህም” አለኝ። አሥር ዓመት አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ክንፍ የሌላትን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ባለ እጅ ማርሽ ቱሪንግ አግኝቻለሁ፤ አረንጓዴ፣ 6,000 ማይል የሄደች። ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም። እናንተም ከገዛችሁ ይህን አትርሱ፦ ፖርሽ ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረበትን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። አምስተኛ እገባለሁ ብሎ ሦስተኛ ውስጥ የከተተ ሰው ካለ እዚያ ይታያል፤ እንዲህ ያለው የሚከሰተው በእጅ ማርሽ ላይ ነው። ሻጩ መዝገቡ እንዲነበብ ፈቅዷል። ማክሰኞ ሜካኒክ ይዤ እሄዳለሁ።