በቤት ውስጥ ተሰውሮ ስለሚፈስ ውኃ

በቤት ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች የሚበዙት ራሳቸውን ያስታውቃሉ። እሳት በጢሱ፥ ሌባ በተሰበረው በር፥ ዐውሎ ነፋስ በተገለበጠው ቆርቆሮ ይታወቃል። ከቧንቧ ተሰውሮ የሚፈስ ውኃ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ በመሬትና በግድግዳ ተሸሽጎ ሥራውን ስለሚሠራ፥ ባለቤቱ የሚነቃው ገንዘቡ ከባከነና መሠረቱ ከላላ በኋላ ነው። አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለ ወንዝ ቢሆንም፥ ነገሩ ለቧንቧም የሚስማማ ነው።

አዲስ አበባ የቧንቧ ውኃን ማየት የጀመረችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት፥ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በመራ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገፈርሳ፥ ኋላም በ1960ዎቹ መግቢያ ለገዳዲ ተገድበው፥ ቧንቧ በብዙ ሰው ግቢ ገባ። ይህም ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ከዕረፍቱ ጋር አንድ ምስክር ጠፋ። እንስራ ቢሰነጠቅ የተሸከመችው ሴት ጀርባዋ ስለሚረጥብ ወዲያው ታውቃለች፤ በመሬት የተቀበረና በልስን የተሸፈነ ቧንቧ ግን ስንጥቁን የሚመሰክርበት ጀርባ የለውም። ስለዚህ ምስክሩን ሰው በብልኃት መፈለግ አለበት፤ ሳይፈልግ የፈረደ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ሰው ላይ ይፈርዳል።

ይህንንም በጉለሌ በኩል ባለ በአንድ ግቢ የሆነው ነገር ያስረዳል። በግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር፤ የግቢው ባለቤት የሆኑት ባልቴትም ሒሳቡን በየወሩ ለአራት ከፍለው ይሰበስባሉ። በወር 20 ሜትር ኩብ ያህል ይቈጥር የነበረው ቆጣሪ በአንድ በጋ 31 ቈጠረ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ሆነ። ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ወጪ በደረሰበት ጊዜ አስቀድሞ የሚመረምረው ዕቃውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። ከተከራዮቹ መካከል ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት እናት ነበረች፤ የልጇን ጨርቅ በየቀኑ ስታጥብ ሁሉም ያያታል። እንግዲህ ጥፋቱ በእርስዋ ላይ ተፈረደ፤ ድርሻዋም ከሌሎቹ እጥፍ ሆነ። «እማማ፥ እኔ የማጥበው በሁለት ባልዲ ነው፤ ከፈለጉ ቆመው ይቍጠሩልኝ» ብትል የሚሰማት አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ተሸክማ እናቷ ቤት እየሄደች ማጠብ ጀመረች። በሦስተኛው ወር ቆጣሪው አሁንም 31 አለ።

በዚህ ጊዜ ባልቴቷ ደንገጥ ብለው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩ። ወጣቱም ዶማ ሳያነሣ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የአራቱ ቤት ቧንቧ ሁሉ እንዲዘጋ ለምኖ፥ በቆጣሪው ላይ ያለውን ቍጥር በወረቀት ጽፎ ሄደ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተመልሶ ቢያይ፥ ሁሉም ተኝቶ ባደረበት ሌሊት 126 ሊትር ውኃ አልፏል። በ7 ሰዓት 126 ሊትር ማለት በሰዓት 18፥ በቀን 432፥ በ30 ቀን 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ውኃው አንዳንድ ቀን ስለሚቋረጥ በሒሳቡ ላይ የታየው ትርፍ 11 ሆነ። ቀጥሎ ወደየቤቱ የሚገቡትን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ዘጋ፤ አራቱም ተዘግተው ሳለ ቆጣሪው መዞሩን አልተወም። ስለዚህ ጕድለቱ ከማንም ቤት ውስጥ ሳይሆን በጋራው መንገድ ላይ መሆኑ ተገለጠ።

ወጣቱ የቧንቧውን መንገድ ተከትሎ ሲሄድ ከአጥሩ ሥር ካለ ጤና አዳም ዘንድ ቆመ። «እማማ፥ ይህን በበጋ የሚያጠጣው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «ማንም አያጠጣው ልጄ፤ በራሱ በረከት ነው የሚለመልመው» አሉት። «እንግዲያውስ እማማ፥ የአራቱ ቤት ሰው ሲከፍልለት የከረመው እርሱ ነው» አላቸው። ቢቈፈርም የብረቱ ቧንቧ ከውስጡ ዝጎ ተበስቶ ተገኘ። ቧንቧው በግማሽ ቀን ተጠገነ። ባልቴቷም በትርፍ የተቀበሉትን ገንዘብ ቈጥረው ለወጣቷ እናት መለሱላት፤ እርስዋም እጅ ነሥታ ተቀበለች። ነገር ግን የልጇን ጨርቅ እንደ ገና በግቢው ማጠብ እስክትጀምር ድረስ ብዙ ሳምንት አለፈ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቍጥር ከጥርጣሬ መቅደም እንዳለበት ነው። የዚህ ሠራተኛ ብልኃት በማንኛውም ቤት ሊደረግ ይችላል። በጣራ ላይ ታንከር ያለው ሰው ግን አስቀድሞ የታንከሩን መግቢያ መዝጋት ይገባዋል፤ አለዚያ ቆጣሪው የሚዞረው ታንከሩ ስለሚሞላ ይሆናል። ከታንከሩ ወዲያ ያለውን መስመር ለመመርመር ደግሞ መግቢያው እንደ ተዘጋ፥ የውኃውን ከፍታ ማታ በዘንግ ለክቶ ጧት መልሶ መለካት ነው። የመጸዳጃው የውኃ ሣጥን ከሁሉ ይልቅ በዝምታ የሚያፈስ ስለሆነ፥ ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ከውስጡ ጨምሮ፥ ውኃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ያህል መቈየት ይበቃል፤ ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ከሥሩ ያለው የጎማ መክደኛ አርጅቷል ማለት ነው። ጠብታንም መናቅ አይገባም። ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በ10 ደቂቃ የሚሞላ ጠብታ በቀን 36 ሊትር፥ በዓመት ከ13 ሜትር ኩብ በላይ ያባክናል።

ምልክቱንም መለየት ያስፈልጋል። የግድግዳው እርጥበት በክረምት ብቻ የሚታይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጣራው ነው፤ ገላ ከታጠቡ በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ የመውረጃው ቧንቧ ነው፤ በበጋም በክረምትም ሳይደርቅ የሚኖር ከሆነ ግን ግፊት ያለው የመጪው ውኃ ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም ውኃ በፈሰሰበት አይቆምም፤ ቧንቧውን ወይም ወለሉን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ስፍራ ብቅ ይላል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን ሳያገኝ ቢነሣ መምህሩ እንደማያሳልፈው ሁሉ፥ የረጠበውን ልስን ብቻ አይቶ ቀለም የሚቀባ ሰውም ነገሩን ገና አልፈታውም። ሌሊት ጸጥታ በሆነ ጊዜ የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው፥ ሌላውን ከጆሮ አድርጎ ማዳመጥ ከጥንት ጀምሮ የውኃ ሠራተኞች የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ ቀዳዳው በቀረበ መጠን እንደ ትንፋሽ ያለው ድምፅ ይጐላል።

ከገንዘብ የሚበልጠው ጉዳት ደግሞ አለ። በጭቃ ቤት ውስጥ እርጥበት የግድግዳውን እንጨት ያበሰብሳል፥ ምስጥንም ይጠራል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሠፈሮችም ያው ቀዳዳ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ውኃው ሲመጣ ንጹሑን ወደ ውጭ ያፈሳል፥ ውኃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ስለሚጠፋ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ቧንቧው በመጸዳጃ ጕድጓድ አጠገብ ያለፈ እንደ ሆነ፥ የሚሳበው ነገር ለሕፃናት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ጥገናውም በሥርዓት መሆን አለበት። አስቀድሞ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፥ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ውኃውን ማንጠፍ ይገባል። የዛገውን ብረት በጎማ ጠምጥሞ መተው ቀጠሮ መስጠት እንጂ መጠገን አይደለም፤ የተበላውን ክፍል ቈርጦ በአዲስ መተካት፥ የሚሽከረከረውንም ጥርስ ቃጫ ወይም ነጩን ቴፕ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሞ ማሰር ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በ260 ዲግሪ ያህል ግለት ቀልጦ ስለሚጋጠም፥ መሣሪያው በሌለው ሰው እጅ መሞከር አይገባውም። ሥራውም ካለቀ በኋላ ጕድጓዱን ወዲያው መድፈን ችኰላ ነው፤ ውኃው ተለቆ አንድ ሌሊት ይደር፥ ቆጣሪውም እንደ ገና ይነበብ፤ ልስኑና ቀለሙ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ይከተላሉ።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧው የሚያልፍበትን መንገድ በወረቀት ሥሎ ወይም ፎቶግራፍ አንሥቶ ከቤቱ ካርታ ጋር ቢያኖር፥ ለልጆቹ ታላቅ ድካም ያስቀርላቸዋል። «በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ቧንቧ በሽታውን የሚደብቀው ፈቅዶ አይደለም፥ ስለተቀበረ ነው። በወር አንድ ሌሊት የቆጣሪን ቍጥር ጽፎ ማደር ግን ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም፤ ያ ጥቂት ቍጥር የቤትን መሠረት ይጠብቃል፥ ጎረቤትንም ከሐሰት ፍርድ ያድናል።