ራይዘን ይበቃል ወይስ ትሬድሪፐር? ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ለምትጠይቁኝ

«ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። መደበኛውን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ልግዛ ወይስ ጨክኜ ትልቁን የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር?» ይህ ጥያቄ ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታና በወግዲ የፎቶና የቪዲዮ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቱሉ አውሊያም ሆነ በመካነ ሰላም ግቢ የሚያስተምሩና ጥናት የሚሠሩ ናቸው። ሁሉም ገንዘቡን ያገኙት በልፋት ስለሆነ ጥያቄውን በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልፈለግሁም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በግሉ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ ከደሴ ወዲያ ላለ ሰው፣ የሚገባው መደበኛው ነው። ትልቁን መግዛት ያለበት ተቋም ነው፤ ያውም ብዙ ሰው እንዲጋራው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለምን እንደዚህ እንደምል ነው።

ከዋጋው እንጀምር። (ከዚህ በኋላ ስለ ፕሮሰሰሮች የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።) ኤኤምዲ 16 ኮር ያለውን ራይዘን 9 7950ኤክስ በመስከረም 2022 ሲያወጣ 699 ዶላር ነበር። ትሬድሪፐር ከሚባሉት ትልልቅ የወርክስቴሽን ፕሮሰሰሮቹ መካከል በኅዳር 2023 ከወጡት ትንሹ፣ ባለ 24 ኮሩ 7960ኤክስ፣ 1,499 ዶላር ነበር፤ ባለ 64 ኮሩ 7980ኤክስ ደግሞ 4,999 ዶላር። ይህ የፕሮሰሰሩ ዋጋ ብቻ ነው። የትሬድሪፐር ማዘርቦርድ ከ600 ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር፤ ራሙም ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ተራው ዲዲአር5 ሳይሆን ለሰርቨር የሚሠራው ሬጅስተርድ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 699 ዶላር በባንክ ዋጋ 40 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ያው 699 ዶላር የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀረጡ፣ የነጋዴው ትርፍና የመኪናው ጭነት ገና አልተጨመሩም።

ሰው ግን «ውድ ይሁን፣ ብቻ ይፍጠንልኝ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። 64 ኮር የ16 ኮርን አራት እጥፍ ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር መሐንዲስ ገና በ1967 ይህ እንደማይሆን አሳይቷል። ከሥራው 90 በመቶው ለብዙ ኮር ሊከፋፈል ቢችልና 10 በመቶው ግን በተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ቢሆን፣ 16 ኮር ሥራውን ከአንድ ኮር 6.4 እጥፍ ያፈጥነዋል። 64 ኮር የሚያፈጥነው 8.8 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የስንዴ አጨዳ በደቦ ይሠራል፤ 64 ሰው ብትጠሩ ማሳው በአንድ ቀን ይታጨዳል። አውድማው ግን አንድ ነው፤ በሬዎቹም የሚያበራዩት በራሳቸው እርምጃ ነው። ለፕሮሰሰሩ ሰባት እጥፍ ከፍለን የምናገኘው ጭማሪ በዚህ ምሳሌ 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያቺ በተራ የምትሠራዋ 10 በመቶ ደግሞ የምትፈልገው የአንዱን ኮር ፍጥነት ነው፤ እዚያ ላይ ርካሹ ይበልጣል። 7950ኤክስ እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ፣ ባለ 64 ኮሩ የሚደርሰው እስከ 5.1 ነው።

አሁን ወደ ሠርግ ቪዲዮ ልምጣ። በጥርና በሚያዝያ እንቅልፍ አጥታችሁ የምትሠሩት እናንተ ናችሁና ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ። የዛሬ ካሜራዎች ብዙዎቹ የሚቀርጹት ኤች 265 በሚባለው አጨማመቅ ነው፤ ጥራቱን ከፍ ስታደርጉት ደግሞ 10 ቢት 4:2:2 ይሆናል። ይህን ፋይል እየፈቱ ማጫወት ለተራ ኮር ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ምስሉ ይቆራረጣል። ኢንቴል ከ12ኛው ትውልድ ወዲህ ባወጣቸው መደበኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ላይ፣ ይህን ፋይል ለመፍታት ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አለ፤ ክዊክ ሲንክ ይባላል። ፕሪሚየር ፕሮ ይጠቀምበታል። ትሬድሪፐር ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ስለዚህ በ2022 መጀመሪያ የወጣው ባለ 6 ኮሩ ኮር አይ5 12400 በዚህ አንድ ሥራ ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ከሚያወጣ ፕሮሰሰር የተሻለ ልስላሴ ሊሰጣችሁ ይችላል። ሱቅ ስትሄዱ ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። 12400ኤፍ የሚል ከሆነ አብሮት የሚመጣ ግራፊክስ የለውም፤ ክዊክ ሲንኩም የለም። በጥቂት ብር ልዩነት ኤፍ ያለበትን ገዝቶ መሄድ ለኤዲተር ትልቅ ኪሳራ ነው።

ኤክስፖርቱን የሚያፈጥነው በአብዛኛው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ከፕሮሰሰሩ የተረፈውን ገንዘብ እዚያ ላይ፣ በ32 ጊጋባይት ራም ላይና በሁለተኛ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። የሙሽሮችን ቀረጻ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይዞ መሥራት በሰው የሕይወት ዘመን ትዝታ መቀለድ ነው።

የተመራማሪዎቹ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ቦረና፣ ሳይንትና አካባቢያቸው ውኃቸው ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ በሽሎና ወለቃ የታወቁት ገባሮች ናቸው። ስለዚህ ስዋት በሚባለው ሞዴል የተፋሰስ ጥናት የሚሠራ መምህር በዚህ አካባቢ መኖሩ አይገርምም። ስዋት አንድ ጊዜ ሲሮጥ የሚጠቀመው አንድ ኮር ነው፤ 64 ኮር ብትሰጡት 63ቱ ተቀምጠው ያያሉ። ብዙ ኮር የሚጠቅመው ሞዴሉን ከወንዙ ልኬት ጋር ለማስማማት በመቶዎች የሚቆጠር ሩጫ በጎን በጎን ሲደረግ ነው። ያኔም እያንዳንዱ ሩጫ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብና ስለሚጽፍ፣ ኮሩ ሳያልቅ ዲስኩ ይጨናነቃል። 16 ኮርና ፈጣን ኤንቪኤምኢ ዲስክ ይዞ ማታ አስጀምሮ ጠዋት ውጤቱን ማንሳት ለአንድ ሰው ጥናት በቂ ነው። ኤስፒኤስኤስ ላይ የቤተሰብ ጥናት ለሚሠራው ደግሞ 6 ኮር ከበቂ በላይ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልልም።

የሳተላይት ምስል ላይ የምትሠሩት የምትፈልጉት ራም ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን የደን ሽፋን በሴንቲኔል 2 ምስል እንከታተል ብንል፣ አንዱ ምስል በ10 ሜትር ጥራት በየባንዱ 120 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው። አራቱ ባንድ ተፈትቶ ራም ላይ ሲቀመጥ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። የ50 ቀን ምስል በአንድ ጊዜ ስትጭኑ 48 ጊጋባይት ደረሳችሁ። በ16 ጊጋባይት ኮምፒውተር ይህን የሞከረ ሰው «ፕሮሰሰሬ ደከመ» ይላል፤ የደከመው ግን ራሙ ነው። መደበኛው የራይዘን ማዘርቦርድ እስከ 192 ጊጋባይት ይቀበላል። ለዚህ ሲባል ወርክስቴሽን መግዛት አያስፈልግም።

«ጉግል ኧርዝ ኢንጂን እያለ ለምን በራሳችን ኮምፒውተር እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ኢንተርኔት ሲኖር ልክ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ መቆየቱን የምናውቅ ሰዎች ሥራችንን በሙሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ማንጠልጠል አንችልም። በእጅ ያለ ጥሩ ኮምፒውተር ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ሌላው የሚያማልለው ነገር ከዱባይ የሚገባው ያገለገለ ወርክስቴሽን ነው። ኤችፒ ዜድ840፣ ሁለት ዚዮን ፕሮሰሰር፣ 24 ኮር፣ በአዲስ መደበኛ ኮምፒውተር ዋጋ! ሳጥኑ ከባድ ነው፣ ሲያዩት ያስከብራል። ነገር ግን ይህ ሞዴል የወጣው በ2014 ነው። በውስጡ ያሉት ዚዮን ኢ5 2690 ቪ3 የሚባሉት ፕሮሰሰሮች የአንዱ ኮራቸው ፍጥነት የዛሬው ራይዘን 7 7700 ካለው ግማሽ ያህል ነው። ባለ 8 ኮሩ 7700 በጠቅላላ ሥራም ከሁለቱ ዚዮኖች ድምር አያንስም። እሱ የተመደበለት 65 ዋት ሲሆን፣ ዚዮኖቹ እያንዳንዳቸው 135 ዋት ናቸው። ዊንዶውስ 11 እነዚያን አሮጌ ዚዮኖች በይፋ አይደግፍም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ያገለገለው የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ሊኑክስ የሚችል፣ 256 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም በርካሽ የሚፈልግ፣ ለፍጥነቱ የማይቸኩል።

መብራት የሌላውን ሁሉ ያህል ሊመዘን ይገባዋል። ባለ 64 ኮሩ ትሬድሪፐር የተመደበለት ኃይል 350 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲታከልበት 600 ዋትን በቀላሉ ያልፋል። በየቢሮው የምናየው 650 ቪኤ ዩፒኤስ 400 ዋት እንኳ አይሸከምም። መብራት በጠፋ ቅጽበት ዩፒኤሱ ይጮህና ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይወድቃል፤ የሌሊቱ ሥራ ሄደ ማለት ነው። 65 ዋት ፕሮሰሰርና መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግን በዚያው ዩፒኤስ ላይ ፋይሉን አስቀምጣችሁ፣ በሥርዓቱ አጥፍታችሁ ለመነሣት ጊዜ ይሰጣችኋል። ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ደግሞ እያንዳንዷ ዋት ነዳጅ መሆኗን እናንተው ታውቁታላችሁ። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል፣ ደጋ ላይ ስላለን። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ሰርቨር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ዝቅ ያደርጋሉ። በዚህ ስሌት ለ35 ዲግሪ የተሠራ ዕቃ በመካነ ሰላም 29 ዲግሪ ገደማ ነው ልኩ። ብርዱ ይክሰናል፤ የደጋው ክፍል እዚያ ሙቀት ላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ መደበኛ ፕሮሰሰር በደህና ፋን ያለ ሥጋት ይሠራል፤ 350 ዋት ግን በሳሳ አየር ማቀዝቀዝ ውድ ዕቃና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል። የበጋው አቧራ ፋኑን ሲደፍነው ደግሞ ብርዱም አያድነውም። ባለ 16 ኮሩን የገዛችሁ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኢኮ ሞዱን አብሩት፤ ከፍጥነቱ የምታጡት ጥቂት ነው፣ ከሙቀቱ የሚቀንስላችሁ ብዙ።

ቢበላሽስ? የራይዘን ማዘርቦርድ አዲስ አበባ ላይ ተፈልጎ ይገኛል፤ ዘመድ በአውቶቡስ ይልከዋል። የትሬድሪፐሩ ማዘርቦርድ ሲቃጠል ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ወራት መጠበቅ አለ። ኮምፒውተሩ እንጀራችሁ ከሆነ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ይወስነዋል። ኤኤምዲ ኤኤም5 የተባለውን የራይዘን ሶኬት እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እደግፋለሁ ብሏል፤ ስለዚህ ዛሬ 6 ኮር ገዝቶ ሥራው ሲያድግ እዚያው ማዘርቦርድ ላይ 16 ኮር ማስቀመጥ ይቻላል።

ትልቁን ፕሮሰሰር ስሙን ለማጥፋት አይደለም ይህን ሁሉ ያልኩት። ትሬድሪፐር ፕሮ ስምንት የራም መስመር አለው፤ መደበኛው ሁለት ብቻ ነው ያለው። አራት ግራፊክስ ካርድ ያለ መጨናነቅ ያስተናግዳል፤ መደበኛው ላይ ሁለቱ እንኳ መስመር ይሻማሉ። የአማርኛ ቋንቋ ሞዴል ለማሠልጠን፣ የመላውን ዓባይ ተፋሰስ ለማስላት፣ ሃያ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ሌሊት ሥራውን ተራ አስይዞ እንዲያድር ለማድረግ ይህ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል። ቦታው ግን የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ክፍል ነው፤ ጄኔሬተር፣ ትልቅ ዩፒኤስና የሚንከባከበው ባለሙያ ያለበት፣ ማንኛውም መምህር ከራሱ ቢሮ በግቢው ኔትወርክ የሚገባበት። በአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጻፍበት ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ ባከነ እላለሁ። የትምህርት ክፍል የግዥ ዝርዝር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአሥር ቢሮ አሥር ውድ ኮምፒውተር ከመጠየቅ ለአሥሩም መደበኛውን ጠይቁና ትልቁን አንድ አድርጋችሁ ተጋሩት።

በውጭ ያላችሁ የአካባቢያችን ልጆችም አትቅሩብኝ። ለወንድም ወይም ለእህት ኮምፒውተር ልትልኩ ስታስቡ ጥሩውን ሁሉ መመኘታችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን መጀመሪያ «በምን ሶፍትዌር ነው የምትሠራው? መብራቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ትሬድሪፐር ከመላክ፣ ባለ 8 ኮር ራይዘን ወይም አይ5፣ 64 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ኤስኤስዲና ጥሩ ዩፒኤስ ብትልኩ ሰው ትረዳላችሁ፤ ከገንዘቡም ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምትሠሩበትን ሶፍትዌር፣ የፋይላችሁን መጠን፣ ያላችሁን ዩፒኤስና የበጀታችሁን ልክ ንገሩኝ፤ አብረን እናየዋለን።