ተውኪልና ውክልና

በካርቱም የጠበቆች ቢሮ በር ላይ «ሙሓሚ ወሙወሲቅ ዑቁድ» የሚል ሰሌዳ ማየት የተለመደ ነበር፤ ጠበቃና ውል አረጋጋጭ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዐረቡ ሙያውን ከመከላከል፣ አማራው ከመጠበቅ አወጣው፤ አሳቡ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ያስገርመናል። በአገራችን ውልንና ውክልናን የሚያረጋግጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በሱዳን ፈቃድ የተሰጠው ጠበቃ ራሱ ማኅተሙን ያሳርፋል።

ስመ ጥርና ነባር የሆኑት የሕግ ቢሮዎች የአገልግሎታቸው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ኩባንያ ማቋቋም፣ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ፣ የባንክ ብድር፣ የግልግል ዳኝነት። በካፉሪ ቪላዎች ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ እኅቶቻችን ግን ከዚህ ሁሉ የሚሹት ብዙውን ጊዜ አንድ ወረቀት ነበር፤ ተውኪል። እኔም በአስተርጓሚነት ከጎናቸው የተቀመጥሁት በአብዛኛው ለዚሁ ነው።

ተውኪልና ውክልና ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ቃሉ ስለሚመሳሰል ሥልጣኑም የሚመሳሰል ይመስላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2204 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ እንደማያልፍ ይደነግጋል፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ስጦታ ለማድረግ ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም፣ ቁጥር 2205 እንደሚለው፣ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። እንግዲህ «በነገሬ ሁሉ ይወክለኝ» የሚለው፣ ለጆሮ ከሁሉ የሰፋው ቃል፣ በሕጉ ፊት ጠባቡ ነው።

አንዲት ስምንት ዓመት የሠራች ሴት ጎንደር ላይ ለገዛችው ቤት ወንድሟን ልትወክል መጣች። ጠበቃው ዝግጁ ቅጽ አወጣ፤ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ እያለ የሚወርድ። እኔ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስሁላት። «እንዲሸጥ» ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አለው?»

«ቅጹ ነው ያለው።»

«ታዲያ ቅጹ ወንድሜን ያውቀዋል?»

ኡስታዙ ትርጉሙን ሲሰማ ሳቀና ብዕሩን አንሥቶ ሦስቱን ግሦች ሰረዘ፤ «ያከራይ» ብቻ ቀረ። በእኔ ግምት በዚያ ቀን ከተሰጠው የሕግ አገልግሎት ሁሉ ትልቁ ይህ ስረዛ ነበር፤ ዋጋው በሂሳብ ደረሰኙ ላይ ባይጻፍም። የአስተርጓሚ ፈተናም እዚሁ ላይ ነው። ዝርዝሩን «ወንድምሽ ንብረትሽን ያስተዳድራል» ብሎ ማሳጠር ይቀላል፤ ተሰላፊው ብዙ፣ ሙቀቱም ብርቱ ነውና።

የሕግ ቃል ከዐረብኛ ወደ እኛ ሲሻገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው መጽሐፍ ነው፤ ወደ ግዕዝ ሲመለስ አንዳንዱ አንቀጽ እንደ ተሳከረ ሊቃውንት ጽፈዋል። ያም ሆኖ ነገሥታት ዳኝተውበታል። የቤት ሠራተኛዋ ወረቀት ግን የሚያቃናው አንድምታ የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ የሚነበበው እንደ ተጻፈ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ፈነዳ። ካፉሪ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ጦሩ መልሶ እስኪይዘው ድረስ ብዙው ነዋሪ ተበትኗል። ሰነዷን በአሠሪዋ ካዝና ያስቀመጠች ሴት ባዶ እጇን ወጣች። ውክልናን የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ነገር ግን የሚሻረው ሰነድ የትኛው እንደሆነ ለመጠቆም ቀኑና ቁጥሩ እጅግ ይረዳል። መተማን ተሻግራ ስልክ የደወለችልኝ አንዲት ሴት ስለ ቀረባት ደመወዝ አላነሣችም። የጠየቀችኝ የተውኪሏን ቁጥር በማስታወሻዬ ጽፌው እንደሆነ ነበር።

ደብተሩን አውጥቼ አነበብሁላት፤ እርሷም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።